«እርስዎ» የማይባልበት ተራራ

የወንድሜ ሚስት ሮማና የሜዳ አገር ልጅ ናት። ወደ እኛ ተራራ ሥር የመጣችው ተድራ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳቋ ሦስተኛ ቤት ይሰማል። አባቴ ፊት ስትደርስ ግን ሳቁም ወሬውም ድርግም ይላል። «ደህና አደሩ?» «ደህና።» አለቀ። ስንት ዓመት እንዲህ ኖሩ! እኔን ያንገበግበኝ ነበር።

እኛ ዘንድ የአገራችንን ትልቁን ተራራ፣ ትሪግላቭን፣ ያልወጣ ሰው ስሎቬናዊ ነኝ ቢል ይሳቅበታል። ሮማና ደግሞ ወንበር ላይ ቆማ መጋረጃ ስትሰቅል እንኳ ያዞራታል። ባለፈው ነሐሴ ግን ድንገት ቆረጠች።

«እወጣለሁ» አለችኝ። «ካልወጣሁ እዚህ ቤት እንግዳ ሆኜ መቅረቴ ነው።»

አባቴ መራን፤ እሷ መሃል፣ እኔ ከኋላ። ዛፍ ከሚያልቅበት በላይ «እርስዎ» ማለት በእኛ ነውር ነው። ዳኛም ሆነ ቄስ «አንተ» ይባላል። ሮማና ደንቡን ታውቃለች፤ አፏ ግን እምቢ አላት። «ውሃ ይፈልጋሉ?» ትለዋለች። እሱ ዝም። ኩራት መስሎኝ በገንኩ።

ከጫፉ በታች ያለው ሸንተረር ግራ ቀኙ ገደል ነው። እዚያ ስትደርስ ድንጋዩ ላይ የተተከለውን ብረት ጨብጣ ደርቃ ቀረች።

«አልችልም፤ መልሱኝ» አለች እያለቀሰች።

አባቴ ሊያግዛት ወደ ኋላ ሲወርድ ጫማው ጣቶቿ ላይ አረፈ።

«እባክዎ... እግርዎን...» ነፋሱ ድምፅዋን ወሰደው። «አንተ ሽማግሌ! አንሳ እግርህን! ጣቴን ጨፈለቅከው እኮ!»

እኔ ክው አልኩ። አባቴ እግሩን አነሳና እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ተመስገን! ለካ መናገር ትችያለሽ! እኔ እኮ ስትፈሪኝ ጊዜ የምለው ይጠፋኛል።»

«ገደል አፋፍ ላይ ነው ይሄን የምትነግረኝ? ሂድ ወደፊት!»

ሄደ። እሷም እየተሳደበች ተከተለችው፤ መፍራቷን የረሳችው ይመስለኛል።

በልማዳችን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ሰው ጫፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ቂጡን በገመድ ይገረፋል። አባቴ ሦስት አቀመሳት። እሷ ገመዱን ነጥቃ አንድ መለሰችለት፤ ይህ ደንቡ ውስጥ የለም።

ስንወርድ ዛፎቹ ታዩ። ሮማና ልብሷን እያስተካከለች ከአባቴ ወደ ኋላ ቀረት አለች፤ እኔም ልቤ ፈራ። አባቴ የመጨረሻው ድንጋይ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«ከዚህ በታች እርስዎ ልትዪኝ ከሆነ፣ እኔ አልወርድም» አለ።

ሮማና ቆማ አየችው።

«ተነስ አባባ» አለችው፤ «ብርድ ይመታሃል።»

«አባባ» ብላው አታውቅም ነበር። እጇን ይዞ ተነሳ። እኔ ከኋላቸው እፎይ ብዬ አለቀስኩ።