ቸርችልን ሲወጡ የምትፈላው ዲኤክስ

የሀጂን መኪና ሞተር ያቃጠልከው አንተ ነህ ተብዬ ከሥራ ተባረርኩ። አላቃጠልኩም።

ይህን ያለብኝ ባለ ጋራዡ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሬው የሠራሁት ሰው። ለብቻዬ ጠርቶም አላለኝም። ሾፌሮች ግቢው ውስጥ ቆመው እየሰሙ ነው «ፊደል ላልቆጠረ ሰው ቴስታታ አምኜ የሰጠሁ እኔ ነኝ ጥፋተኛው» ያለው። ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው። እሱ በደንብ ካልታሰረ ውሃና ዘይት ይደባለቃል፤ ሞተሩ አለቀለት ማለት ነው። ሾፌር ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ዝም አይልም። በማግስቱ ከፒያሳ እስከ ለገሃር ሞተር አቃጣዩ እኔ ነበርኩ። ያኔ ባለ ጋራዡን «እርስዎ» እለው ነበር፤ እዚህ ግን «እሱ» እለዋለሁ፤ ወረቀቱ የእኔ ነው።

ማንበብ አለመቻሌ እውነት ነው። ማሰር አለመቻሌ ግን ውሸት። የቴስታታ ብሎን ከመሀል ተነስተህ፣ ግራና ቀኝ እየተሻገርክ ወደ ዳር ትወጣለህ። በመጀመሪያው ዙር ታስነካዋለህ፣ በሁለተኛው ታጠብቀዋለህ፣ በሦስተኛው ትጨርሰዋለህ። ይህን መጽሐፍ አልነገረኝም፤ ከመጽሐፉ ጋር ግን አንጣላም።

መኪናዋ ነጭ፣ አሮጌ ዲኤክስ ናት። ባለቤቷ ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጡ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ሀጂ ነው የሚላቸው። ሕመሟ አንድ ነው፤ ቸርችልን ሲወጡ ትፈላለች። «ከለገሃር ስነሳ እንደ ሙሽራ ናት፤ ማዘጋጃ ቤት ሳልደርስ እንደ ሽሮ ትንተከተካለች» ብለው ነበር ያመጡልን።

ጋራዡ ያኔ ዶሮ ማነቂያ ነበር፤ ሰፈሩ ሳይፈርስ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ መኪኖቹ ተጣብቀው ነው የሚቆሙት። መሀል የገባ መኪና ፊቱ ያለው ሁሉ ካልወጣ አይወጣም። ስለዚህ እኛ ጋ ሞተር የሚመረመረው ቆሞ ነው። ይነሳል፣ ባለ ጋራዡ ጆሮውን ጣል ያደርጋል፣ ይፈርዳል። ነድቶ አይቶ የሚፈርድ አልነበረም።

ሁለተኛው አመላችን ማውጣት ነው። የሚያጠራጥር ነገር ከተገኘ ይወጣል። ከሀጂ መኪናም ባለ ጋራዡ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ይዞ የሚያቆየውን ቴርሞስታት ነቀለና «ይሄ ለበረዶ አገር የተሠራ ነው፤ አዲስ አበባ ምን ይሠራል?» ብሎ ወረወረው። ይህን ያላለ መካኒክ ብዙ አላውቅም፤ እኔም ብያለሁ። ቀጥሎ የታችኛውን ማኒኮቶ ፈታ፤ ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ ውሃ የሚመልሰውን ወፍራም ጎማ። ውስጡ የተጠመዘዘ ሽቦ አለበት። ሽቦው ዝጎ ከሁለት ቦታ ተበጥሶ ነበር። «ይሄ ዝገት ነው ራዲያተሩን የሚደፍነው» አለና በፒንሳ ጎትቶ አወጣው። ቁርጥራጭ ብረት የሚከመርበት ላይ ጣለውና ጎማውን ብቻ መልሶ አሰረ።

አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ሽቦው እዚያ ውስጥ ያለ ምክንያት አልገባም የሚል ሐሳብም መጥቶብኝ ነበር። አልተናገርኩም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሱ ሲያወጣ እኔ ስጥል ነው የኖርነው፤ ያን ቀን አፍ ከየት አመጣለሁ? ይሄ የእኔ ድርሻ ነው። ከዚህ በላይ ግን አልሸከምም።

አሁንም ፈላች። በሦስተኛው ቀን «ጓርኒሲዮኑ ነው» ተባለ፤ በቴስታታውና በሞተሩ መሀል የሚገባው መጋጠሚያ። ቀየርኩት፣ ቴስታታውን መልሼ አሰርኩ። ግቢው ውስጥ ቆማ ግማሽ ሰዓት ሠራች፤ የሙቀቷ መርፌ ንቅንቅ አላለችም። ሀጂ ይዘዋት ሄዱ። በማግስቱ ቸርችል ላይ ፈላች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከላይ ጽፌዋለሁ። ሀጂም «ሞተር መቀየር ነው እንጂ ሌላ መድኃኒት የላትም፤ ልጁ አቃጥሏታል» ተባሉ። ልጁ እኔ ነኝ፤ አርባ አራት ዓመቴ ነበር።

የመፍቻ ሣጥኔን ይዤ ወጣሁ። ከቸርችል አናት ገባ ብሎ አንድ የመኪና ማቆሚያ አለ፤ ጠባቂው አራዳ ተወልዶ ያደገ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። ጥግ ሰጠኝ። ባትሪ የደከመበት ይመጣል፣ ካንዴላ የቆሸሸበት ይመጣል። ኮፈን ከፍቶ ሞተር እይልኝ የሚለኝ ግን አልነበረም። የሚያውቀኝ ሾፌር «አንተ የሀጂን…» ይልና የቀረውን ይውጠዋል። እንጀራ አላጣሁም። ያጣሁት ሞተር ነው። መካኒክን ሞተር አትንካ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መካኒክ ያውቀዋል።

ፊደል የቆጠርኩት በእልህ ነው፤ ለእውቀት ብዬ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ጎልማሶች የሚማሩበት ክፍል ገባሁ። አስተማሪዋ ልጄ ትሆናለች። እጄ ላይ ያለውን ግሪስ አይታ ደብተሬን በጋዜጣ ሸፈነችልኝ። በስድስት ወር ውስጥ ቸርችልን እያነበብኩ መውረድ ጀመርኩ። ፋርማሲ። ፎቶ ቤት። የሚከራይ ቢሮ። እዚህ መሽናት ክልክል ነው። የመጨረሻውን ባለማወቄ ስንት ጊዜ እንዳጠፋሁ አልናገርም። ያን ሁሉ ዓመት የኖርኩበትን ሰፈር፣ ሱቁ ሁሉ ማን ማን እንደሚባል ያወቅኩት ያኔ ነው።

እውነቱን ለመናገር ኑሮዬ ደህና ነበር። ጠዋት ፀሐይ ከማቆሚያው ሁሉ ቀድማ የእኔ ጥግ ላይ ታርፋለች። አጠገቡ ካለው ቡና ቤት ባንኮኒ ተደግፌ ማኪያቶዬን እጠጣለሁ፤ ቶሎ በል የሚለኝ የለም። መራራ ሰው ነህ ይሉኛል። ነኝ። መራራ ሰው ፀሐይ አይሙቅ የሚል ግን አላነበብኩም፤ ቢኖር አሁን አነበው ነበር።

እንዲህ ዓመት ከአራት ወር ሄደ። አንድ ረፋድ ላይ ነጯ ዲኤክስ ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት እየለቀቀች ማቆሚያው ውስጥ ገባች።

«መምህር» አለኝ ጠባቂው፤ ደብተር ስለምይዝ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «ደንበኛ መጣልህ፤ በጭስ ታጅቦ።»

ሀጂ ወረዱ፣ አዩኝ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መኪናዋ አዞሩ።

«አንቺ ደግሞ» አሏት፣ «ከከተማው ሁሉ መቆሚያ አጣሽ?»

«እንዴት አደሩ፣ ሀጂ። የራዲያተሩን ክዳን እንዳይነኩት፤ ፊትዎን ይልጥዎታል።»

«ሞተሬን ከላጥክ በኋላ ነው ለፊቴ ያዘንከው?»

«አልላጥኩትም። ትቀዝቅዝና አሳይዎታለሁ።»

«እኔ መካኒክ አልጠራሁም።»

«ሀጂ» አለ ጠባቂው፣ «እስክትቀዘቅዝ የትም አይሄዱም። ሻይ እየጠጡ ይጠብቋት፤ ካልሆነም ተኳርፋችሁ ጠብቋት። ቦታው ለሁለቱም ይበቃል።»

ሀጂ ሳይወዱ ሳቁ፤ ሻይ ተቀበሉ። እኔም ጥያቄ ጀመርኩ። ግቢው ውስጥ ማንም ያልጠየቃቸውን።

«መንገድ ተዘጋግቶ ቆመው ሲጠብቁ ትሞቃለች?»

«ቆማማ እንደ በግ ናት።»

«ቁልቁል ሲወርዱ?»

«ምንም። ዳገት ላይ፣ ነዳጅ ስሰጣት ብቻ ነው። መርፌዋ ከፍ ስትል አቆማለሁ፣ ትበርዳለች፣ እቀጥላለሁ። እስከ ዛሬ እንዲህ ነው የቆየችው።»

«ሞተሩን ሌላ ሰው ነክቶታል?»

«አንተ ካቃጠልከው ወዲህ ማንም።»

ያ ለእኔ ትልቅ ዜና ነበር። ያሰርኩት ቴስታታ እንዳሰርኩት አለ ማለት ነው። የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዝዤ አሳየኋቸው። ውሃ የገባበት ዘይት ማኪያቶ ይመስላል፤ የእሷ ጠቁሯል እንጂ ወተት አልነካውም። ከቀዘቀዘች በኋላ ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ከፈትኩ፣ ውሃ ሞላሁ፣ ሞተሩን አስነሳሁ። ክዳኑ ክፍት እንደሆነ ውሃውን አብረን አየን። ጓርኒሲዮን ከተቃጠለ ከሞተሩ የሚያመልጠው ጋዝ ውሃውን እንደ ድስት ያንፈቀፍቀዋል። አንድም አረፋ አልወጣም።

«እሺ፣ ቴስታታው ደህና ነው» አሉ ሀጂ። «ታዲያ ምን ሆና ነው የምትፈላው?»

እኔም ገና አላወቅኩም ነበር። ዳገት ላይ ብቻ ከሆነ ግን ሞተሩ ሲጮህ የሚሆን ነገር ነው። ክዳኑን ዘጋሁ፣ እስክትሞቅ ጠበቅን። ከዚያ ሀጂን መሪው ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ቸርችልን እንደሚወጡ አድርገው ነዳጅ ይስጧት።»

ሞተሩ ጮኸ። ጎንበስ ብዬ ወደ ታች ሳይ፣ የታችኛው ማኒኮቶ እንደሚጠባ ጉንጭ ወደ ውስጥ ተሰረጎደ፤ ግራና ቀኙ ተጣበቀ። «ይተዉት» አልኩ። ተነፋ። «ይስጧት።» ተጣበቀ። ፓምፑ ውሃውን በኃይል ሲስብ፣ በሙቀት የለሰለሰው ጎማ ሽቦ ስለሌለው መቆም አልቻለም። ውሃው መንገድ ላይ ይታነቃል፤ ሞተሩ ያለ ውሃ ዳገት ይወጣል። ቆማ እንደ በግ የምትሆነውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ስትመጣም ትፈላ የነበረው ሽቦው ዝጎ ስለተበጠሰ ነው፤ በአዲስ መቀየር ሲገባው ጨርሶ ወጣ። ጆሮ ጥሎ የሚሰማ ነገር አይደለም።

ቦታ ተለዋወጥን። ሀጂ ጀለቢያቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው ጎንበስ አሉ፤ እኔ ነዳጅ ሰጠኋት። ሦስቴ አስደገሙኝ።

«ውስጡ ሽቦ ነበረበት» አልኳቸው ከወረድኩ በኋላ። «ባለ ጋራዡ ዝጓል ብሎ አወጣው። እኔ ቆሜ አየሁ።»

«አይተህ ዝም አልክ?»

«ዝም አልኩ።»

«እንግዲህ ያቺ ጥፋት ያንተ ናት» አሉ።

«ያቺ የእኔ ናት።»

ከመለዋወጫ ሱቅ ሽቦ ያለበት ማኒኮቶ አመጣሁና አሰርኩ። ከሀጂ ጋር ሆነን እስከ ለገሃር ወረድን፣ ዞረን በሁለተኛ ማርሽ ሽቅብ ተያያዝነው። መርፌዋ መሀል ላይ ተቀመጠች። ሀጂ ማዘጋጃ ቤት እስክንደርስ ዓይናቸውን ከመርፌዋ አልነቀሉም።

«በዚህ መንገድ የማላውቀው ሎተሪ ሻጭ የለም» አሉ በመጨረሻ። «ሁሉም ጋ ቆሜያለሁ።» ከዚያ «ምን ላድርግልህ?» አሉኝ።

«ለእኔ ምንም። እሱ ያለውን በሰሙት ሰዎች ፊት ይመልስ።»

ጋራዡ ያኔ ወደ ውቤ በረሃ በኩል ተዛውሯል። በቀጥታ ሄድን። ባለ ጋራዡ ከሀጂ ጋር ስገባ ሲያየኝ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ እጁ ግን ንጹሕ ነበር።

«ጎማ ነው?» አለ ነገሩን ሲሰማ። «ጎማ ያረጃል፤ ማን ምን ያድርግ?»

«ሽቦውን ማን አወጣው?» አሉ ሀጂ።

«ዝጎ ነበር እኮ፣ ሀጂ።»

«የዛገ ሁሉ ይወጣል? የእኔም ጉልበት ዝጓል።»

«ያለፈ ነገር ነው። በዚህ እንጣላለን እንዴ?»

«እኔና አንተ አልተጣላንም። የእሱን ስም መልስ።»

«ቀስ ብለን እንነጋገራለን» አለ። ወደ እኔ አላየም። ሀጂ ሳይሰናበቱት ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሀጂ አንድ ነገር ብቻ አደረጉ። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ፣ ሾፌሮቹ ሁሉ እያዩ፣ ቸርችልን ሳይቆሙ ወጡ። «ዲኤክሷ ዳነች እንዴ? ሞተር ቀየሩ?» ያላቸውን ሁሉ «ጋራዥ ሂድና ጠይቅ» ይሉታል። ሾፌር ደግሞ ጠይቅ ከተባለ ይጠይቃል። ባለ ጋራዡ ይህን ሦስት ሳምንት ቻለው።

አንድ ጠዋት በእግሩ ወደ ማቆሚያው መጣ። አምስት ሾፌሮች ቆመው ነበር፤ ሁለቱ ያን ቀን ዶሮ ማነቂያ የሰሙ ናቸው። ሰላም አለ፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«የሀጂን ሞተር እሱ አላቃጠለም። ሽቦውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ከኋላ አልተሰማም» አለ ጠባቂው።

ባለ ጋራዡ ደገመው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ቴስታታውስ፣ ጋሼ?» አልኩ። ሌላው ቢቀር ያቺን ሳላገኝ አልለቀውም ነበር።

ቀና ብሎ አየኝ፤ ከተባረርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ቴስታታው ደህና ታስሮ ነበር» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ሻይ ጋበዝኩት፣ ጠጣ፣ ሄደ። አልታቀፍንም። እሱ ብርጭቆውን መልሶ ሳይሄድ ግን፣ ያኔ ዶሮ ማነቂያ ከነበሩት ሾፌሮች አንዱ ታክሲውን ወደ ጥጌ አስጠግቶ ኮፈኑን ከፈተልኝ። «ሞተሯ ላይ አንድ ድምፅ አለ፤ ስማት እስቲ» አለኝ። «መጀመሪያ እንንዳት» አልኩት። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፤ ግንቦት ስድስት ቀን።