የቨርላ ትሪ

መምህር ኤልደን ግሮት መኪና ሲያቆም ታቦት የተሸከመ ቄስ እንኳ እንደሱ አይጠነቀቅም። መጀመሪያ ቀኙን ያያል፣ ግራውን ያያል፣ የውስጡን መስታወት ያያል፣ የጎኑን መስታወት ያያል፤ ይህን ሁሉ አይቶ ሲያበቃ የብረት ምሰሶውን ይገጫል። የዚያን እሑድም እንዲሁ ሆነ። አሮጌዋ ቢዊክ መኪናው አርት ቤት ከሚባለው ምግብ ቤት ደርሳ መስመሯ ውስጥ ስትገባ የፊት መከላከያዋ ከምሰሶው ጋር ተላተመና ዷ አለ። ኤልደን ሞተሩን አጠፋ።

«ይቺን ምሰሶ አንቀሳቅሰዋታል» አለ።

ከኋላ የተቀመጡት ልጁ ክሬግና የክሬግ ሚስት ጆሊን ተያዩ። ከጎኑ የተቀመጠችው ሚስቱ ቨርላ ማንንም አላየችም። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ምሰሶዋ ከተተከለችበት ስንዝር ፈቀቅ እንዳላለች ከማንም ይልቅ እሷ ታውቃለች። ባሏ ጥፋቱን የሚያላክክበት ነገር አጥቶ እንደማያውቅም ታውቃለች፤ ሰው ካጣ ብረት አያጣም።

አርት ቤት በዌልበርን ከተማ መውጫ፣ ከበቆሎው ጎተራ ማዶ ነው። ወንበር የለውም፤ የሚበላው መኪና ውስጥ ቁጭ ተብሎ ነው። ሰው የፊት መብራቱን ያበራል፣ አስተናጋጇ መጥታ ትታዘዛለች፣ ከዚያ ምግቡን በትሪ አምጥታ ሹፌሩ መስኮት ላይ ታንጠለጥላለች፤ ተበልቶ ሲያልቅ እንደገና መብራት ይበራና ትሪውን ትወስዳለች። ሹፌሩ ያዝዛል፣ ሹፌሩ ያድላል፣ የተረፈውም የሹፌሩ ነው። ስለዚህ እዚያ ቤት መሪ የጨበጠ ሰው ንጉሥ ነው። ኤልደን ይህን ዙፋን ለአንዲት ቀን ለቆ አያውቅም። ከአንድ ቀን በስተቀር፤ እሱንም እንደርስበታለን።

መብራቱን አበራ። ዶሪን መጣች። የሟቹ የአርት ልጅ ናት፤ ሃምሳ ዓመት አልፏታል፣ ቤቱን የምታስተዳድረውም የምታስተናግደውም እሷው ናት።

«እንዴት ዋሉ መምህር? ምን ላምጣ?»

«ለኔ ትልቁን የሥጋ ሳንዱች፣ ከተጠበሰ ሽንኩርት ጋር። ለልጆቹም እንደዚያው። ለሷ ዓሣውን። ሩት ቢር ለስላሳ አራት፣ ብርጭቆው በረዶ የያዘ ይሁን፤ ባለፈው ዓመት ሞቆ ነበር።»

«ለኔም ሽንኩርት ይሁንልኝ» አለች ቨርላ።

«ሽንኩርት ይነፋታል» አለ ኤልደን ለዶሪን፣ ሚስቱ አጠገቡ የሌለች ይመስል።

ዶሪን ቨርላን አየቻት፤ ቨርላ ትከሻዋን ሰበቀች። ሽንኩርት ነፍቷት አያውቅም። የሚነፋው እሱን ነው፤ በዚያ ምክንያት በክረምት ብርድ መስኮት ከፍታ የምታድረው እሷ ናት። ግን እንዲህ ያለውን ነገር ለማን ይነግሩታል? ሆድ ይፍጀው ብላ ነው የኖረችው፤ ሆዷም ሲፈጅ ኖረ።

ኤልደን መምህር የተባለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን መኪና መንዳት ያስተምር ስለነበረ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሯል። የዌልበርን ሰው፣ ፖሊሱ ሳይቀር፣ ወደ ኋላ መሄድን የተማረው ከእሱ ነው። የትምህርቱ የመጨረሻ ቀን ሲደርስ ተማሪዎቹን በሙሉ አርት ቤት ያመጣቸውና ምግብ በሚወጣበት መስኮት አናት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የተጣመሙ ትሪዎች ያሳያቸዋል። ትሪው መስኮታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ረስተው የነዱ ሰዎች ትሪዎች ናቸው። ስድስት ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የጥፋተኛው ስምና ዓመቱ በነጭ ቀለም ተጽፏል። የመጀመሪያውና ከሁሉም ይበልጥ የተጣመመው «ቨርላ፣ 1976» ይላል።

«ያቺ የኔዋ ናት» ይላቸው ነበር ኤልደን ለተማሪዎቹ። «አያችሁ፣ አንዳንድ ሰው አለ፣ ከአስተማሪ ጋር አንድ አልጋ ላይ ቢያድርም አይማርም።»

ልጆቹ ይንከተከታሉ። አደጉ፣ ወለዱ፣ ለልጆቻቸውም አወሩ። ቨርላ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ሥጋ ቤት ስትሰለፍ፣ አንዱ ከኋላዋ «ኧረ ቨርላ፣ ትሪውን አወረድሽው ወይ?» ይላታል። በክፋት አይደለም። ግን አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀልድ የሚሰማ ሰው በክፋት ይሁን በፍቅር መለየት ያቅተዋል።

እውነቱ ይሄ ነው። በነሱ አቆጣጠር በ1976፣ አንድ ዝናባማ ቅዳሜ፣ መሪውን የያዘው ኤልደን ነበር። ክሬግ የስድስት ወር ሕፃን ነው፤ እናቱ ጭን ላይ ተኝቷል። ኤልደን የአስተማሪነቱን ሥራ ያገኘው በዚያው ሳምንት ነው፤ ሰኞ ሊጀምር ነው። በልተው ሲጨርሱ ሞተሩን አስነሣ።

«ኤልደን፣ ትሪው» አለችው።

«መንዳት ልታስተምሪኝ ነው?» አላት።

ወደ ኋላ ነዳ። ትሪው ከምሰሶው ጋር ተጋጨ፣ ብርጭቆው ሁሉ ረገፈ። ደህና ሰው ቢሆን ቆሞ ይወርድ ነበር። ይሄኛው ፈረጠጠ። መስኮቱ ላይ ትሪ አንጠልጥሎ እንደ ሌባ በረረና ጎተራው አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ቶሎ በይ፣ ቦታ እንለዋወጥ» አላት።

በእሷና በሕፃኑ ላይ ተሻግሮ ወደ ቀኙ ወንበር ተንከባለለ። እሷ ልጇን በአንድ እጇ ደግፋ መሪውን ያዘች፣ ወደ አርት ቤትም መልሳ ነዳች። ደጁ ላይ የቆሙት መኪኖች ሁሉ ጡሩንባ ነፉላት። ኤልደን ራሱን እየነቀነቀ ወረደና ለአርት፣ «ምን ላድርግ፣ ሴት ናት» አለው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ለምን እሺ አለች? ሥራው አዲስ ነው፣ ልጁ ሕፃን ነው፣ ነገሩም እስከ ሰኞ ይረሳል ብላ ነው። አርት ግን ትሪውን ግድግዳው ላይ በምስማር መታው።

«ሰው እስኪረሳው ድረስ አትንጂ» አላት ኤልደን። እሷም መሪ አልጨበጠችም። መንጃ ፈቃዷን ግን ጊዜው በደረሰ ቁጥር አሳድሳለች፤ ኤልደን ለመታወቂያ ይመስለዋል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ እሱ ምሳ በልቶ ሲያንኮራፋ ቢዊኳን ታወጣና በጠጠሩ መንገድ እስከ መቃብር ቦታው ነድታ ትመለሳለች። ያ ሁሉ የመኪና ሊቅነቱ አንድ ቀን እንኳ ሞተሩ ለምን ሞቀ ብሎ አላስጠየቀውም።

ዛሬ ልጁ ከደ ሞይን ከተማ ድረስ የመጣው የኤልደንን የመኪና ቁልፍ ሊቀበል ነው። ሐሙስ ማታ በስልክ ለእናቱ ነግሯታል። መኪናዋ ትሸጣለች፣ እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ገበያ ይወስዳቸዋል፣ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ይለመናል።

«እኔስ?» ብላው ነበር።

«አንቺንም ነዋ እማዬ፤ ሁለታችሁንም ነው የምወስዳችሁ።»

አሁንም እንደ ዕቃ ከሰው ወደ ሰው ልትተላለፍ ነው። እህቷ ሉሲል ሠላሳ ማይል ርቃ አልጋ ላይ ናት፤ እሷን ለማየት እስከ ዛሬ ባሏን ስትለማመጥ ነበር፣ ከእንግዲህ ልጇን ልትለማመጥ ነው። ቨርላ ያቺን ቁልፍ ትፈልጋለች። በሕይወቷ ምንም ነገር እንዲህ ፈልጋ አታውቅም።

ዶሪን ምግቡን አምጥታ ሰቀለችው። ኤልደን አደለ። ለራሱ ሽንኩርቱን ከምሮ ለሚስቱ ዓሣውን ሰጣት። ክሬግ ሁለት ጊዜ ጎረሰና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባዬ፣ ስለ ቁልፉ እንነጋገር።»

«የምን ቁልፍ?»

«የመኪናው። የጎረቤቱን የፖስታ ሣጥን ገጨህ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አበባ ደመሰስክ፣ ባለፈው ወር ትምህርት ቤቱ በር ላይ በተቃራኒው መስመር ሄድክ። አሁን ደግሞ ምሰሶውን…»

«አንቀሳቅሰዋታል አልኩ እኮ።»

«አባባ፣ ለርስዎ ብለን ነው» አለች ጆሊን።

«አንቺ ከከተማ ነሽ፣ አይፈረድብሽም። ይሄ ግን ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ እስከ ዛሬም በቅጡ ማቆም አይችልም።» ኤልደን ብርጭቆውን ጨለጠና ድንገት ፈገግ አለ። «እሺ፣ ውሰዱት። ከዚያ ማን ይነዳል? ይቺ?»

በቅባት የራሰ ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ።

ክሬግ ሳቀ። ሊስቅ አልፈለገም፤ በዚያ ቀልድ ያደገ ስለሆነ አመለጠው እንጂ። ጆሊንም አፏን በእጇ ሸፈነች።

የባሏን ሳቅ ቨርላ ከለመደችው ቆይታለች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ የሷው ደግሞ ጅቡን ጠርቶ ነው ያበላት። ነገር ግን ያን ቀን ጭኗ ላይ የነበረ ልጅ ሲስቅባት ዓሣዋን ወረቀቱ ላይ መልሳ አስቀመጠች። እጇን ጠረገች። በሩን ከፍታ ወረደች።

«ወዴት ነው?» አለ ኤልደን። አርት ቤት ማንም ከመኪና አይወርድም።

ምግብ የሚወጣበት መስኮት ጋ ስትደርስ ዶሪን አንገቷን አወጣች። «ምነው እትዬ ቨርላ፣ የጎደለ አለ?»

«ትሪውን አውርጂልኝ።»

«የቱን?»

«የኔ ነው የሚባለውን። የሚጽፍ ነገር ካለሽም ስጪኝ፣ ወፍራም ይሁን።»

ዶሪን በርጩማ ላይ ወጥታ አወረደችው፤ ከኪሷም ሣጥን ላይ የምትጽፍበትን ወፍራም መጻፊያ ሰጠቻት። ቨርላ ተመለሰች። በራሷ በር በኩል ጎንበስ ብላ ትሪውን ኤልደን ጭን ላይ አኖረችው።

«ንገራቸው።»

«ምኑን?»

«ማን ይነዳ እንደነበር።»

«ቨርላ፣ ዓሣሽ እየቀዘቀዘ ነው።»

«ይቀዝቅዝ።»

ኤልደን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅ ፊት?»

«ልጁ ያን ቀንም ነበረ።»

ኤልደን መሪውን አየ፣ ግድግዳው ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ አየ። ውስጡን ሲያገላብጥ ውሸት ፍለጋ እንደሆነ ቨርላ ገብቷታል፤ ጠበቀችው። ምስኪን፣ አላገኘም።

«አርት ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው» አለ በመጨረሻ። «አሁን ይሄ ለማን ይጠቅማል?»

ኑዛዜው ይኸው ነው። ይቅርታ የሚባል ቃል አፉ ውስጥ ዝር አላለም፤ አርባ ሦስት ዓመት ጠብቃ ያገኘችው ይህን ነው። ቨርላ አላዘነችም፣ አልተገረመችምም። እንዲያውም ከዚህ የተሻለ ቢናገር ኖሮ ግራ ይገባት ነበር።

«አባዬ?» አለ ክሬግ። «አንተ ነበርክ?»

ኤልደን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ክሬግ እናቱን ሊያይ ፈለገና አፈረ።

«ጻፍ» አለች ቨርላ፣ መጻፊያውን እየሰጠችው።

ትሪው ጥግ ላይ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል «ኤ. ግ.» ብሎ ጻፈ።

«ከመንገድ የሚነበብ።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል» አለ።

«መሪ ሲይዝስ?»

የሷን ስም በወፍራም መስመር ሰረዘና «ኤልደን» ብሎ ጻፈበት። ፊደሎቹ ተንጋደዋል፤ መነበብ ግን ይነበባሉ። ዶሪን ከኋላ ተከትላ መጥታ ነበር። ትሪውን ተቀበለችና አነበበችው።

«እኔንም እኮ በዚህ ነው ያስተማሩኝ መምህር» አለች፤ ወስዳም ሰቀለችው።

ቨርላ የቀኙን በር ዘጋች። በመኪናዋ ፊት ዞራ ወደ ሹፌሩ በር ሄደች። መስኮቱ ላይ የዕለቱ ትሪ ከነብርጭቆው ተንጠልጥሏል፤ በአንድ እጇ ከሥር ደግፋ በሩን ቀስ ብላ ከፈተች። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

«ቶሎ በል፣ ቦታ እንለዋወጥ» አለችው።

ኤልደን ቀና ብሎ አያት። ቃሎቹን አውቋቸዋል። ከዚያ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱን ሁሉ ይዞ እየተንፏቀቀ ወደ ቀኙ ወንበር አለፈ፤ የቀዘቀዘው ዓሣ ላይ ሊቀመጥ ለጥቂት ነው የዳነው።

ገባች። በሩን በጥንቃቄ ዘጋች፣ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች፣ መስታወቱን ለቁመቷ አስተካከለች። መስታወቱ ውስጥ የልጇን ፊት አገኘችው።

«እማዬ፣ እኔ እኮ አላውቅም ነበር» አለ ክሬግ።

«ቀበቶህን እሰር» አለችው።

ቁልፉን ልትነካ እጇን ዘረጋች። ከጎኗ፣ እንደ ደከመ ሰው በለሆሳስ፣ ኤልደን «ትሪው» አለ።

«አውቃለሁ» አለች ቨርላ። «ያን ቀንም ነግሬህ ነበር።»

የፊት መብራቱን አበራች። ዶሪን መጥታ ትሪውን እስክትወስድ ድረስ የተረፈውን ሽንኩርት አንድ በአንድ እያነሣች በላችው።