ባሌስትራው ጠማማ አልነበረም

የመኪና ባሌስትራ በመዶሻ ሲመታ ድምፁ ከሌላ ብረት ይለያል፤ ጮሆ አይበቃውም፣ ይንቀጠቀጣል። ከጎረቤት ግቢ ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ስልሳ ዓመት ያለፈው ንዴት ነው፤ አልበረደም፣ እንዲበርድም አልፈልግም።

አባቴ ካሚዮን ነበረው። ክረምት ሲገባ የቀራንዮ መንገድ ጭቃና ጉድጓድ ብቻ ይሆን ስለነበር፣ ድንጋይ ጭኖ ሲመላለስ፣ ተደራርበው ጭነቱን ከሚሸከሙት ከእነዚያ ጎባጣ ብረቶች አንዱ ይሰበርበት ነበር። ጋራዥ አይሄድም። እዚያው ግቢያችን ውስጥ በክሪክ አንስቶ፣ በግንድ ደግፎ፣ ቡሎኑን ፈትቶ፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ሆኖ የተሰበረውን ይለውጠው ነበር። ሲጨርስ ሰፈሩን ይጠራል። ባዶ መኪና እውነቱን አይናገርምና ጎረቤት ሁሉ ላዩ ላይ ወጥቶ ይቀመጥለታል፤ እናቴም የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን ውሃ ሞልታ መሐል ታስቀምጥለታለች፤ ውሃው ወደ አንድ ጠርዝ ከሄደ ሥራው አልተስተካከለም ማለት ነው።

አንድ መስከረም፣ መስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የቀኙ ባሌስትራ ተሰበረ። ለበዓሉ ወደ እናቴ አገር ወደ ጉራጌ ልንወርድ ነበር። አባቷ ታመው ከርመው «ልጄን ሳላይ ችቦ አላበራም» ብለው ልከውባታል።

አባቴ ጠዋት ጀምሮ ቀትር ላይ ገጥሞ ጨረሰ። ሰው ወጣ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ይርጋ፣ በሬ የሚያክሉ ሰው፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር በክብር በቀኝ በኩል ሰሌን ተነጠፈላቸው፤ ሴቶቹና እኛ ልጆች በግራ ተጠጋጋን። ውሃው ወደ ቀኝ ሄደ።

«አንተ ሰው፣ ካሚዮንህ ጠላ ቤት ነው እንዴ ያደረው? ያዘነብላል እኮ!» አሉ አቶ ይርጋ። ሰፈሩ ሳቀ።

አባቴ አፍሮ እንደገና ፈታው። በማግስቱ ገጥሞ ሰው ጠራ፤ ሽማግሌዎቹ ያው ቀኝ ሰሌናቸው ላይ፣ ውሃውም ያው ወደ ቀኝ። እናቴ ሳፋውን አይታ፣ ሰዎቹን አይታ፣ ቀስ ብላ «እስቲ ጋሽ ይርጋ፣ ወደዚህ ወደ ግራ ቢመጡልን?» አለች።

«ከልጅ ጋር ልቀመጥ? አንቺ ልብስሽን እጠቢ፤ ካሚዮን የወንድ ነገር ነው!»

አባቴ ሰምቷል። ሽማግሌን ተነስ አይባልማ! መፍቻውን ይዞ ለሦስተኛ ጊዜ ከሥር ገባ፤ ፈትቶ የሚለወጥ ነገር ቢያጣ ያንኑ መልሶ ገጠመው። የደመራው ጭስ ከየሰፈሩ ሲወጣ እኛ እዚያው ግቢ ነበርን።

በመስቀል ጠዋት ሰው ሁሉ በየቤቱ ሲበላ፣ እናቴ ድንጋይ እየተሸከመች ካሚዮኑ ላይ ግራና ቀኝ እኩል ደረደረች፤ ሳፋዋንም አስቀመጠች። ውሃው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ና እይ» አለችው።

አባቴ ወጥቶ አየ። «ትናንትም ደህና ነበር ማለት ነው» አለ።

«ከትናንት ወዲያም» አለች።

ስንደርስ በዓሉ አልፎ ነበር። አያቴ ቃላቸውን ጠብቀው ነበር፤ ችቦው ሳይበራ ግድግዳ ተደግፎ አገኘነው። «ምነው ልጄ፣ ምን ይዞሽ ቀረሽ?» አሏት።

«መኪናው ተበላሽቶ ነው አባባ» አለች።

መኪናው እኮ ከመጀመሪያው ቀን ቀትር ጀምሮ ደህና ነበር! የአንድ ሰው መቀመጫ ነው ያስቀራት። በሚቀጥለው መስከረም አያቴ አልነበሩም። አቶ ይርጋ ግን ለቅሶ ሲመጡ የላይኛው ወንበር ተለቆላቸው ተቀመጡ፤ እናቴ ናት የለቀቀችላቸው።

ዛሬ እስከ ዓለም ባንክ አስፋልት ነው፤ ካሚዮኔ ላይ ውጡልኝ ብሎ ሰፈር የሚጠራም የለም። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ፣ ወጣት ሾፌር ነው፣ የጭነት መኪናውን ባሌስትራ ግቢው ውስጥ ሲለውጥ ድምፁ አስወጣኝ። ሚስቱ መኪናው ላይ ስልኳን እንደ ውሃ ልክ አጋድማ አየችና «ግራው ትንሽ ዝቅ ብሏል» አለችው። ባልየው ክርክር የለ፣ ምን የለ፣ ተመልሶ ከሥር ገባ። በእናቴ ፈንታ ቀናሁ።

ሲጨርስ ወንበር አምጥቶ «አባባ፣ እርስዎም ይዩልን እንጂ፤ ሽማግሌ ነዎት» አለኝ።

«እሷ አይታዋለች» አልኩት።