ክፍተቴን የምትዘጋው ልጅ

ስሟን አልጽፍም። ጨዋነት እንዳይመስላችሁ፤ በኮሌጃችን ሜዳ ዙሪያ ስሟ የተጠራው ብቻ ለእኔ ዕድሜ ልክ ይበቃኛል።

መሐል ሜዳ ላይ በሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ሁለት ዓመት ተጫውቻለሁ። በየወረዳው ኮሌጅ የሚከፈትበት፣ ሞባይል የገዛ ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ለጉብታ የሚዞርበት ዘመን ነበር። ሜዳችን አፈር ነው። ቀለበቶቹን የብየዳ ተማሪዎች ናቸው የሠሩልን፤ አንደኛው ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ጠዋት ውርጩ እስኪለቅ ኳሱ እንደ ድንጋይ ይከብዳል እንጂ አይነጥርም። ከቆላ የመጡ ቡድኖች እንኳን ሊሮጡ ቆመው መተንፈስም ያቅታቸው ነበር፤ እኛም ይህን እንደ ችሎታ ቆጥረን እንኮራበት ነበር።

እኔ የከተማው ልጅ ነኝ፤ አባቴ የቢሮ ሠራተኛ ነበር። በቡድናችን ነጥብ የማስቆጥረው እኔ ነበርኩ። ኳስ እጄ ሲገባ ተመልካቹ ዝም ይላል፤ ቀለበቱ ውስጥ ስትወርድ ይጮኻል። ያ ዝምታና ያ ጩኸት የእኔ ነበሩ፤ ከማንም ጋር ላካፍላቸው አላሰብኩም።

በሁለተኛው ዓመት አንዷ ተጫዋች አግብታ ትምህርቷን ስታቋርጥ በቦታዋ ይህች ስሟን የማልጽፈው ልጅ መጣች። ከራቤል ወዲያ ካለ ገጠር ናት፤ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ፣ በየሁለት ሳምንቱ አገሯ እየሄደች ስንቋን ታመጣለች። አጭር ናት። ኳስ በእጇ ነክታ አታውቅም። ልታነጥር ስትሞክር ኳሱ የገዛ እግሯን መትቶ ይሸሻል። እኔም በጣም ደስ አለኝ፤ አሁን መዋሸት ምን ያደርግልኛል?

ቲቸር የምንለው አሰልጣኛችን የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ስለ መከላከል የሚያውቀው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ያንን ደግሞ አንደኛ ክፍል ሳለን ሰምተነዋል። እያንዳንዳችን የምንይዛት ሰው ይሰጠንና «ሰውሽን ያዢ» እንባላለን። ሰውሽ ካመለጠችሽ አመለጠች፤ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ፤ ከዚያ «ያንቺ ነበረች» መባባል ይመጣል።

እሷ በመጣች በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ልምምድ መሐል ቆም አለችና፣ «ቲቸር፣ እንዲህ ተበታትነን ነው እንዴ የምንከላከለው? እኛ አገር አረም እንኳ እንዲህ አይታረምም» አለች።

ሳቅን። ከሁሉም በላይ እኔ ሳቅሁ። ቲቸር ግን አልሳቀም። «እንዴት ነው የሚታረመው?» አላት።

ነገረችው። የገብስ ማሳ ሲታረም ሴቶቹ አንድ መስመር ሆነው ይገባሉ። አረሙ የበዛባት ወደ ኋላ ስትቀር ጎረቤቷ የራሷን ትታ «ገባሁልሽ» ብላ ትገባላታለች። ጎረቤቷ የተወችውን ደግሞ የሚቀጥለዋ «ተካሁሽ» ብላ ትይዘዋለች። እንዲህ ሲሸጋሸጉ መስመሩ ሳይበጠስ ከማሳው ጫፍ ይደርሳል። «ለመመስገን ብላ ቀድማ የሮጠችውስ?» አላት ቲቸር። «እሷማ ከኋላዋ አረም ጥላ ነው የምትሄድ። የጣለችውን ነቅለው ሻሿ ላይ ይሰኩባታል፤ እስከ ማታ እንደዚያው ትውላለች» አለች። ይህን ስትል አላየችኝም። ያየችኝ መስሎኝ ግን ፊቴ ጋለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቲቸር እንደ አራሚ አሰለፈን። ሰው ስታመልጠኝ ከጎኔ ያለችው «ገባሁልሽ» ብላ ትገባለች፤ እኔ ደግሞ በፍጥነት ተሸጋሽጌ እሷ የለቀቀቻትን እይዛለሁ፤ «ተካሁሽ» ማለት የእኔ ድርሻ ነው። በሳምንቱ አምስታችንም አፋችን አይዘጋም ነበር። ሜዳው ላይ የገበያ ያህል ጫጫታ ሆነ። ሊያጠቁን የሚመጡት አንዷን አልፈው ደስ ሳይላቸው ሌላዋ ፊታቸው ትቆማለች፤ ኳሱን ሊያቀብሉ ዘወር ሲሉ ባዶ ናት ያሏት ተይዛለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቡድን አይቻለሁ። ጥሩ የሚከላከል ቡድን ረጃጅም ወይም ፈጣን ሰው ያለበት አይደለም። የራስሽን ሰው ለቀሽ ሌላዋን ለመርዳት ስትሮጪ የተውሽውን የምትይዝልሽ እንዳለች ዘወር ብለሽ ሳታዪ ማመን ነው ሁሉም ነገር። ይህን የማውቀው ያንን እምነት በገዛ እጄ ስላፈረስኩት ነው።

ማሸነፍ ጀመርን። ተመልካቹም ተለወጠ። ለእኔ ነጥብ ይጮኽ የነበረው ሰው ተጋጣሚ ኳስ ሲነጠቅ መጮኽ ጀመረ፤ የሚጮኸውም ስሟን ነው። ሁለት ነጥብ አስቆጥራ የማታውቅ ልጅ! እኔ ሃያ ጊዜ ወርውሬ በላብ ተጠምቄ ስወጣ የግቢው ዘበኛ ሳይቀሩ «ያቺ አጭሯ ልጅ የእናቷ ሆድ ይባረክ» ይላሉ። ከልምምድ በኋላ በሶዋን በጥብጣ ለሁላችንም ታድለናለች። እኔም ሁለተኛ ኩባያ እየተቀበልኩ፣ በሶዋን እየጠጣሁ እቀናባት ነበር።

ከዚያ ቲቸር አንድ ወሬ አመጣ። ከደብረ ብርሃን ኮሌጅ ጋር በምናደርገው ጨዋታ ላይ መራጭ መጥቶ ከእኛ መሐል አንዲት ልጅ ለዞኑ ቡድን ይወስዳል። የዞኑ ቡድን ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ይጫወታል። እኔ ከደብረ ብርሃን ወዲያ አገር መኖሩን የማውቀው ከካርታ ነበር። እንቅልፍ አጣሁ። ከመሐል ሜዳ የሚያወጣኝ ይህ ብቻ እንደሆነ ራሴን አሳመንኩ፤ አባቴም ለቢሮው ሰው ሁሉ እንደተመረጥኩ አድርጎ አውርቶ ነበር።

ጨዋታው ሦስት ቀን ሲቀረው የቲቸርን ፊርማ ፈልጌ ወደ መምህራን ክፍል ስሄድ ከበሩ ውጪ ድምፁን ሰማሁ። ለሌላ አስተማሪ ያወራል። «ነጥብማ ያቺኛዋ ታስቆጥራለች። የእሷን ሰው ግን ማን እየያዘላት ይመስልሃል? አንዷን ስጥ ቢሉኝ አጭሯን ነው የምሰጣቸው» ይላል። ፊርማውን ትቼ ተመለስኩ።

የጨዋታው ቀን መራጩ ቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ደብተር ይዞ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጨዋታው እኩል ለእኩል ሄደ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የምይዛት ልጅ አለፈችኝ። ከጎኔ «ገባሁልሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እሷ የራሷን ሰው፣ ቀለበቱ ሥር የቆመችውን ረጅም ልጅ፣ ለቃ መጣችልኝ። ተራው የእኔ ነበር። እግሬም አልደከመም። አጎነበስኩና የታሰረ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።

ኳሱ ለረጅሟ ሄደ፤ ብቻዋን ነበረች፤ አስቆጠረች። መራጩ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

ትንሽ ቆይቶ እንደገና አለፉኝ፤ እንደገና «ገባሁልሽ» አለች። በዚህ ጊዜ ደግሞ ወደ ኋላ መሸጋሸጉን ትቼ ኳስ የምጠብቅ መስዬ ወደ ፊት ሮጥኩ። ረጅሟ ደገመች። ቲቸር ከመቀመጫው ተነስቶ «አንቺ! ሰውሽን አትልቀቂ!» ብሎ ጮኸባት። እሷ ዘወር ብላ አየችኝ።

ሦስተኛ ጊዜ ሲያልፉኝ አንድ እርምጃ ወደ እኔ ከመጣች በኋላ ቆመች። ልትመጣልኝም፣ የራሷን ልትይዝም ሳትችል መሐል ቀረች። ከዚያ በኋላ «ገባሁልሽ» የሚል አልነበረም። የአምስታችንም አፍ ተዘጋ፤ ሁሉም የየራሷን ይዛ ቆመች። በሁለት ነጥብ ተሸነፍን። ከሁሉም በላይ ያስቆጠርኩት እኔ ነበርኩና መራጩ የእኔን ስም ጠራ። በዚያ ሽንፈት መሐል ጥርሴን መሰብሰብ አቃተኝ።

የዞኑ ቡድን የሚለማመድበት ደብረ ብርሃን የቆየሁት አሥር ቀን ነው። በመጀመሪያው ልምምድ አንዷ አለፈችኝ። እኔም ጆሮዬን ወደ ጎን ጥዬ ጠበቅሁ። ማንም የለም። ሁለተኛዋም አለፈችኝ። አሰልጣኙ «ወደ ጎን የምታዪው ምንድን ነው? ሰውሽ እኮ ፊትሽ ናት» አለኝ። አገሬ ላይ ሰው የምይዝ ይመስለኝ የነበረው እሷ አጠገቤ ስላለች መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ባሕር ዳርን ሳላይ ከቡድኑ ተቀንሼ ሻንጣዬን ይዤ በአውቶቡስ ተመለስኩ። አባቴ አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ ያ ከስድብ ይብሳል።

በማግስቱ ወደ ቲቸር ሄድኩ። ጸጸት ብቻ አይደለም የወሰደኝ፤ ቢያንስ እውነት በመናገር ልበልጣት ፈልጌ ነበር። ፈተና እያረመ ነበር። «ቲቸር፣ ከደብረ ብርሃን ጋር የተሸነፍነው በእኔ ነው» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አጭሯ እኮ ጥፋቱ የኔ ነው ብላኛለች» አለ። «እሺ፣ አንቺ ስትገቢላት እሷ ለምን አልተካችሽም ብዬ ስለ አንቺ ጠየቅኋት። ጫማዋ ተፈትቶ ነበር አለችኝ። ሁለተኛውስ ስላት፣ ወደ ፊት ሩጪ ያልኳት እኔ ነኝ አለች። ውሸቷን ነው እንዴ?»

ክሩ እንዳልተፈታ አይታለች፤ አጠገቤ ነበረች። ሩጪም አላለችኝም። ለቲቸር ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም።

እሷን ስለዚያ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። እሷም አንስታው አታውቅም፤ እስክንመረቅ ድረስ በሶዋን አብረን ጠጣን። ይህን የነገርኳቸው ሰዎች ይቅር ስላለችኝ ፈጣሪን እንዳመሰግን ይመክሩኛል። እኔ ግን የፈለግሁት ይቅርታ አልነበረም። አንዲት ቀን፣ አንዲት ክፉ ነገር እንኳ አድርጋብኝ ቢሆን፣ ያን ጊዜ ቅናቴ ይለቀኝ ነበር።