ሦስት ጁምዓ ከማይክ ጋር

እማ የሞተች ሰሞን እኔ ማይክ ስጠግን ነበር። ይሄን የሚሰማ ሰው ይገረም ይሆናል፤ ያኔ እኔን የሚገርመኝ ነገር አልነበረም። ሰው ሲያለቅስ አያለሁ፣ ሲያጽናኑኝ እሰማለሁ፣ ሻይ ሲሰጡኝ እጠጣለሁ። እንባ ግን ወፍ የለም።

የማይኩ ጣጣ የራሴ ጥፋት ነው። ጎንደር፣ ከአባባ ጨርቅ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል ኮምፒውተር አስተምር ነበር። የቤቱ ስልክ ወድቆ እጀታው ሲሰበር አባባ ሌላ ልግዛ አለ። እኔ ሆዬ «ተው እንጂ! ይሄ ሞደም ድምፅም ያስተላልፋል፤ መስመሩን እሱ ላይ ሰክተን በኮምፒውተሩ እናወራለን» ብዬ ተንጠባረርሁ። አባባም «እንግዲህ የተማርኸው አንተ ነህ» ብሎ ተወው።

ከዚያ ወዲያ ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ጁምዓ ጁምዓ፣ በእረፍቷ ስትደውል ኮምፒውተሩ ይጮሃል። እኔ ቁልፍ እጫናለሁ፤ ድምፅዋ በድምፅ ማጉያው ይወጣል። ገና ሰላም ሳትለኝ «እማን አቅርብልኝ» ነው የምትለው። እማ ማይኩን እንደ ጭልፋ ጨብጣ ትጮህበታለች። «ቀስ በይ፣ ይሰማታል» ስላት፣ «ጅዳ እኮ ባሕር ማዶ ነው፤ ምን ቀስ በይ ትለኛለህ?» ትለኝ ነበር።

እማ እሑድ ሞተች፤ በዕለቱ ቀበርናት። ከቀብር እንደተመለስን ታላቁ አጎቴ አባባንና እኔን ለብቻ ጠራን።

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አለ። «መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ ይዞ ነው። ሰው አገር ብቻዋን ቆማ ሰምታ ብትወድቅ ማን ያነሳታል? እዚያ ላሉት ለአገራችን ሴቶች መልእክት እልካለሁ። እነሱ እስኪያረዷት እናታችሁ ሳንጃ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች በላት።»

አባባ መሬት መሬቱን ያያል። በዕድሜው ሙሉ ደንበኛ እንኳ ዋሽቶ አያውቅም። እኔ እሺ አልሁ፤ ውሸቷንም እንደ ትምህርት ቤት ግጥም ሸመደድኋት።

ጁምዓ ደረሰና ኮምፒውተሩ ጮኸ።

«ሄሎ? ሄሎ!» አለች እህቴ።

«እማ ሳንጃ ሄዳለች፣ ደህና ናት» አልኋት። ማን ጠየቀኝ? ምን አጣደፈኝ?

«ሄሎ? ምነው፣ ድምፅህ አይሰማኝም እኮ!»

እኔ ጮህሁ፤ እሷ «አይሰማኝም፣ አይሰማኝም» ብላ ዘጋች። አባባ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ተነፈሰ። ወዲያው ደግሞ አፈረና ወደ ሱቁ ወጣ።

የኮምፒውተሩን የድምፅ ማስተካከያ ከፍቼ ሳየው ተማሪዎቼ ሲነካኩ ማይኩን ዘግተውታል። ለካ ድምፅ ከምትዘጋው አንዲት ምልክት በቀር ችግር የለውም። ምልክቷን አነሳሁ። አጎቴ «ስልክ ግዙና ተገላገሉ!» እያለ ይቆጣ ነበር፤ ልክም ነው። እውነቱን ልናገር ካልሁ ግን፣ አባባም እኔም ስልክ ልንገዛ አልሮጥንም።

በሁለተኛው ጁምዓ ማይኩ ሸጋ ሆኗል ብዬ ተቀመጥሁ። ስትደውል «ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?» አልኋት። «አይሰማኝም» አለች። ቆየችና፣ «እናንተ የምትሰሙኝ ከሆነ፣ እኔ ደህና ነኝ። አባባ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። አንተም እህል ቅመስ» ብላ ዘጋች።

እህል ቅመስ ለማን እንደሚባል ጠፍቶኝ አይደለም። ልቤ ማይኩ ላይ ነበር።

በዚያ ሳምንት ያላደረግሁት የለም። ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ካለችው ሮዝ ቀዳዳ ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ሽቦውን አጣጥፌ ፈተሽሁ። ሞደሙን አውጥቼ አቧራውን እፍ ብዬ መለስሁ። ከጓደኛዬ ሌላ ማይክ ተዋስሁ። ለቀስተኛው ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ሳለ እኔ ጓዳ ሆኜ «ሄሎ፣ ሄሎ» እላለሁ፤ ሰው አእምሮውን ሳተ ሳይለኝ አልቀረም። እጄ ብቻ ሥራ ይፈልግ ነበር። በመጨረሻ የራሴን ድምፅ ኮምፒውተሩ ላይ ቀድቼ መልሼ ሰማሁት። «እማ ሳንጃ ሄዳለች፣ ደህና ናት።» ጥርት ብሎ ይሰማል። ሰምቼው ምንም አልተሰማኝም። መልሼም አጠፋሁት።

ሐሙስ ዕለት ጠዳ ያለው ጓደኛዬ ጋ በዚያው በቤታችን ማይክ ደወልሁ። «ኧረ ጆሮዬን! ምን ያስጮህሃል?» አለኝ። እንግዲህ ማይኩም፣ ሞደሙም፣ መስመሩም ደህና ነው።

በሦስተኛው ጁምዓ ኮምፒውተሩ ሲጮህ ቁልፉን ተጫንሁና ዝም አልሁ።

«አይሰማኝም» አለች።

ገና አፌን አልከፈትሁም ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። ሦስት ጁምዓ ሙሉ አንድም ቀን «እማን አቅርብልኝ» አላለችም። ትሰማኛለች። ያለፈውም ጁምዓ ሰምታኛለች። እማ እንደሞተች ታውቃለች።

ያቺ የሸመደድኋት ውሸት አንደበቴ ላይ ነበረች፤ አልወጣ አለችኝ። በምትኳ እንባዬ መጣ። ማይኩን በእጄ ልሸፍነው ብዬ አልቻልሁም፤ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቼ አለቀስሁ። አባባ ለቅሶዬን ሰምቶ ከሱቁ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

የእህቴ ድምፅ በድምፅ ማጉያው ወጣ።

«አይዞህ» አለች። «አይዞህ ወንድሜ። ሴቶቹ ጎህ ሲቀድ መጥተው ነግረውኛል። ይዘውኝ ነበር፤ ብቻዬን አልነበርሁም። አይሰማኝም ያልሁት አባባ እንዳይዋሽ ብዬ ነው።»

አባባ ቀስ ብሎ ገባ። እማ ትቀመጥበት የነበረው በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ማይኩን ከእጄ ወስዶ እንደ እሷ ጨበጠው።

«ልጄ!» ብሎ ጮኸ። «ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«ቀስ በል አባባ» አልሁት። «ይሰማታል።»