የፊልሙ ኮረብታና የእኛ

ፊልሙ ላይ ያለው ኮረብታ ሣር አለው። የእኛ አልነበረውም። ድንጋይ ብቻ ነበር፤ ጠዋት የሚያንቀጠቅጥ፣ ቀትር ላይ እጅ የማያስነካ ድንጋይ።

ይህን የምጽፈው ፊልሙን ለማጣጣል አይደለም። ከጦርነት የተመለሰ ወጣት ቤቱን እንዴት እንደገና እንደሚለምድ የሚያሳይ ድራማ ነው። አዳማ ውስጥ ሲታይ ሰንብቷል፤ ብዙ ሰው አልቅሶበታል፤ እኔም አልቅሻለሁ። የገረመኝ፣ ያለቀስኩት ሐሰት መሆኑን በደንብ በማውቀው ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጡ ልጆች ግንባርን የሚያውቁት በፊልም ይሆናል። ስለዚህ እኔ ያየሁትን ከጎኑ ላስቀምጥ።

እውነት ከሆነው ልጀምር። ፊልሙ ውስጥ ያ ወጣት ሚኒባስ ሲሳፈር ከበሩ አጠገብ ካልሆነ አይቀመጥም። ረዳቱ ይቆጣዋል። ይህን ማን ነገራቸው? እኔም ከአዳማ ሞጆ ደረቅ ወደብ ለሥራ ስመላለስ እንዲሁ ነኝ። አንድ ቀን ረዳቱ «እህቴ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ በይ እንጂ፤ በሩን ልታገቢው ነው እንዴ?» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ከበሩ ግን አልተነሣሁም። ፊልሙን የሠራው ሰው ግንባር ባይደርስ እንኳ፣ ደርሶ ከተመለሰ ሰው አጠገብ ተቀምጦ አይቷል ማለት ነው።

ወደ ሲኒማው የገባሁት በራሴ ፍላጎት አልነበረም። እማማ ብርቄ ከወንጂ ደወሉልኝ። ግንባር ላይ በቲማችን ውስጥ ከጎኔ የነበረውና እዚያው የቀረው የደሳለኝ እናት ናቸው።

«የጎረቤት ልጆች፣ እንደ ደሳለኝ ያለ ልጅ አለበት አሉኝ» አሉ። «ብቻዬን አልችልም። አብረሽኝ ግቢ።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ገባን። የውጊያው ትዕይንት አጭር ነው። ኮረብታው ላይ የዋናው ተዋናይ ጓደኛ ይመታል። ዋናው ተዋናይ አቅፎት ሳለ የተመታው ብዙ ነገር ይናገራል፤ ኑዛዜ፣ ቀልድ፣ ይቅርታ። መጨረሻ ላይ «እማዬ! እማዬ!» እያለ ይጣራል። ማንም አይመጣም። ሙዚቃው ከፍ ይላል። ያለቀስኩት እዚህ ጋ ነው። እማማ ብርቄ አላለቀሱም። የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ ጨረሱት።

ስንወጣ አንድ ጁስ ቤት ተቀመጥን። አቮካዶ አዘዝኩላቸው፤ አልነኩትም።

«ስንት ጊዜ ጠራኝ?» አሉ።

ወዲያው አልገባኝም። የፊልሙን «እማዬ!» የደሳለኝ አድርገው እየጠየቁኝ ነበር። እኔ በተፈጥሮዬ ብዙ አልናገርም፤ ለቅሶ ቤትም ሄጄ ጥግ ይዤ ነው የምመለሰው። ግን ዝም ብል፣ ዝምታዬን «ብዙ ጊዜ» ብለው ቆጥረው ይዘውት ወደ ወንጂ ይሄዳሉ።

«አልጠራዎትም፣ እማማ።»

«ልታጽናኚኝ ነው።»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ንገሪኝ። እንደ ፊልሙ ሳይሆን እንደሆነው።»

የነገርኳቸው ይህን ነው።

አሥራ ሁለት ነበርን። አለቃችን የአቦምሳው አሥር አለቃ ቱሉ ለእያንዳንዳችን ቋሚ ቁጥር ሰጥቶን ነበር። አንድ ራሱ ነው። ጭስም ይሁን አቧራ «ቁጠር!» ሲል በየተራ ቁጥራችንን እንጠራለን። አንዱ ዝም ካለ ቀጣዩ አንድ ትንፋሽ ይጠብቅና የራሱን ይላል። የጎደለውን ቁጥር ማንም አይወስድም። እኔ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ቁጥሬ ስምንት። የደሳለኝ ሰባት። እሱ ግን አለቃን ለማሳቅ በኦሮምኛ «ቶርባ!» ነበር የሚለው። አለቃም «ቀስ በል አንተ፣ ጠላት ኦሮምኛ ይለምድብናል» ይለዋል።

ትዕዛዙ የመጣው ጎሕ ሲቀድ ነው። ወጣን። ተኩስ ከግራ መጣ። ተኛን። ተነሣን። ቁጥር ሁለት ወደቀ። ቆይቶ ቁጥር አምስት። ስማቸውን የጠራ የለም። ፊልሙ ላይ ሁሉም ይጮኻል፤ እኛ ለመጮህ ትንፋሽ አልነበረንም። በሬዲዮ የማስተላልፈውን እንኳ በሹክሹክታ ነበር የምናገረው። ረፋዱ ላይ ጫፉን ያዝን። እዚያ ስንደርስ ቁጥር አሥራ አንድም ከእኛ ጋር አልነበረም።

ቀትር ላይ ምሽግ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ደሳለኝ ከኮቾሮ ጋር ይታገላል፤ ከደረቁ የወታደር ብስኩት ጋር። አልሰበር አለው። ወደ እኔ ዞረና «ስምንት፣ ይሄን የወንጂ ሰዎች ቢያዩት ለአገዳ መፍጫው ጥርስ ያደርጉት ነበር» አለ። ሳቅሁ። ሞርታር ወደቀ። አቧራው ሲገለጥ ደሳለኝ ኮቾሮውን እንደያዘ የምሽጉን ግድግዳ ተደግፏል። ሞቷል። ኑዛዜ አልነበረም። ለመጣራት የሚበቃ ጊዜም አልነበረም።



«ለአገዳ መፍጫው ጥርስ» ብለው እማማ ብርቄ ደገሙት። ከዚያ ሳቁ፤ ዓይናቸው እየፈሰሰ ሳቁ። «የአባቱ አፍ ነው። እሱም ዳቦ በደረቀብኝ ቁጥር እንዲሁ ነበር የሚለኝ። ይሄን አንቺ ከራስሽ አታመጪውም።»

«አላመጣውም፣ እማማ።»

«እኔ እኮ ሲጣራ ሳልደርስለት የቀረሁ መስሎኝ ነበር። ስተኛም ይሄው ነው የሚሰማኝ።»

የአቮካዶውን ብርጭቆ ወደ ራሳቸው ሳቡ። «ስኳር አላበዙበትም» ብለው ጠጡት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፊልሙ ደጋግሜ አስባለሁ። ያ ረጅም ሞት ለምን እንዳስለቀሰኝ አሁን የገባኝ ይመስለኛል። ለእኛ ለቀረነው ያላገኘነውን የመሰናበቻ ጊዜ ይሰጠናል። ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ተቀበልኩት። ለእናቶች የሚሰጣቸው ግን ያልደረሱለትን ጥሪ ነው። ሠሪዎቹ ይህን አስበውት ይሆን? አንድ ቀን ባገኛቸው መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለ ሣሩ አይሆንም፤ ይህን ነው።

የዚያን ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አለቃ «ቁጠር» አለ። እንደ ሌላው ጊዜ አልጮኸም። አንድ። ዝምታ። ሦስት። አራት። ዝምታ። ስድስት። አንድ ትንፋሽ ጠበቅሁና «ስምንት» አልኩ። ዘጠኝ። አሥር። ዝምታ። አሥራ ሁለት። ከማዶ ያሉትም በዚያ ሰዓት ይቆጥሩ ይሆናል። እነሱ እንዴት እንደሚቆጥሩ አላውቅም።

አሁን ወደብ ላይ ኮንቴይነር ስቆጥር ከስድስት በኋላ ጥቂት እቆያለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ምነው፣ ቁጥሩ ጠፋብሽ?» ይለኛል።

«አልጠፋብኝም» እለዋለሁ።