ከአዲስ አበባ የመጣው ሳጥን

ባሌ ታደሰ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ለሥራ ወደ ሰሜን ሲሄድ የተሳፈረበት አውሮፕላን ወደቀ። «አስከሬኑ ይላክላችኋል» ተባልንና ፋሲሎ ሰፈር፣ ከደጃችን ድንኳን ተክለን ጠበቅን።

አንድ ቀን የጭነት መኪና ረጅም የእንጨት ሳጥን ይዞ መጣ። በላዩ የታደሰ ስም በቀለም ተጽፏል። ድንኳኑ በእዬዬ ተናጋ። የእድሩ ሰዎች ተሻምተው ተሸከሙት።

«ምነው እንዲህ ቀለለ?» አለ አንዱ።

«ዝም በል! ከእሳት ምን ሊተርፍ ኖሯል?» ብለው ተቆጡት የእድሩ ዳኛ።

ሹፌሩ ግራ ተጋብቶ ከኋላ ይከተላል። «ኧረ ቀስ! እንዳይጣመም!» ይላል። የሚሰማው የለም።

እኔ ሳጥኑ ላይ ወደቅሁ። «ፊቱን ሳላይ አላስቀብረውም፤ ክፈቱልኝ» አልሁ። ሴቶቹ ቢይዙኝም እንቢ አልሁ።

ክዳኑ ተነሣ። በገለባ መሐል የሚያብለጨልጭ አዲስ ብረት ተኝቷል። ታደሰ ሲያወራልኝ ስለኖረ አወቅሁት፤ ኤሌቬተር ነው፣ አውሮፕላኑን ሽቅብና ቁልቁል የሚመራው የጅራቱ ክፍል።

ሹፌሩ ቆቡን አወለቀ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ለቅሶ ላይ ደረስኩባችሁ። አየር ማረፊያው ተዘግቶብኝ ነው። ጋሽ ታደሰ የጠየቁት መለዋወጫ ነው፤ ወደ ሰሜን የሚሄደው አውሮፕላን በአሮጌው እንዳይነሣ፣ ዛሬውኑ ይቀይሩት ተብሏል። የት አሉ?»